ጀልባዋ የዞረች ዕለት

አባቴ ጥሎን ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ዓይኔ ደህና ነበር፤ ቀኑም ጠራራ ነበር። ስለዚህ ሰዎች «አባትሽ እኮ የዚህ አገር ምሰሶ ነው» ባሉኝ ቁጥር፣ እኔ የማውቀውን እናንተ አታውቁም እያልኩ በሆዴ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖርኩ።

መንደራችን ሃሊጋን በኩዊንስላንድ ሰሜን ያለች የሸንኮራ መንደር ናት። ከወንዙ ወዲህ ያለነው አባቶቻችን ሸንኮራ ሊቆርጡ ከጣልያን የመጡ፣ ከወንዙ ወዲያ ያሉት ደግሞ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ናቸው። አባቴ ሰቬሪኖ ዛንኬታ ግን ወዲህም ወዲያም ነበር። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ውስጥ ሰቬሪኖ አለ። የአዳራሹ ጣሪያ ሲያፈስ ሰቬሪኖ ይጠራል። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ሙሽራ ሲመጣ ድንኳን የሚተክለው፣ የጎርፍ ጀልባዋን የሚነዳው እሱ ነው። ለዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም አይከፈለውም፤ እሱም ጠይቆ አያውቅም።

ቤት ሲሆን ደግሞ የኛ ነው። እሁድ እሁድ ግቢ ውስጥ በርጩማ አውጥቶ የሁላችንንም ፀጉር ይቆርጣል፤ የእማዬን እንኳ ሳይቀር። የትምህርት ቤት ጫማዬን ማለዳ ተነሥቶ ይወለውልልኛል። ከኛ ጋር የምትኖረውን እናቱን፣ አያቴን ኦታቪያን፣ እራት ሳይቀርብ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ያጥብላታል። ታዲያ እግሯ ገና ውሃው ውስጥ እያለ የአዳራሹ ደወል ይጮሃል። አባዬ እጁን በሱሪው ይጠርግና ባርኔጣውን ይፈልጋል።

«ሂድ!» ትላለች እማዬ። «ሂድ እንጂ! እነሱ አይደሉ ቤተሰቦችህ? ሂድ!»

ጉንጯን ሊስም ጎንበስ ሲል ፊቷን ታዞርበታለች። ይሄዳል። ይህን «ሂድ» ጠንቅቄ አውቀው ነበር። ትርጉሙም አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የዚያን ዓመት በመጋቢት ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳያባራ ከዘነበ በኋላ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደወሉ ጮኸ። አባዬ ሊወጣ ሲል ቤታችን የቆመባቸውን ረጃጅም የእንጨት ቋሚዎች በመዳፉ መታ መታ አደረጋቸው።

«እኔ ይህን ቤት ስሠራ፣ ሽማግሌዎቹ ከሚያስታውሱት ጎርፍ ሁሉ ሁለት ክንድ አስበልጬ ነው። ወለሉን አይነካም» አላት እማዬን። «ጠዋት መጥቼ አያችኋለሁ።»

ወለሉን የነካው አርብ ጎሕ ሲቀድ ነው።

መጀመሪያ በሳንቃዎቹ መሀል እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ውሃ ፊጭ አለ። ከዚያ ምንጣፉ እንደ እንስሳ ሆዱን ነፋ። እማዬ ጠረጴዛውን ከኮርኒሱ ቀዳዳ ሥር ገፋችው፤ ወንበር ደረበችበት፤ እኔን አወጣችኝ፤ የአራት ዓመቱን ሬንዞን አቀበለችኝ፤ ከዚያ አያቴን ከታች በትከሻዋ እየገፋች፣ እኔ ከላይ ክንዷን እየጎተትኩ፣ እንደ ከረጢት ሰቀልናት። የአያቴ ደረት ደካማ ነበር። ወጥታ ስትጨርስ ትንፋሿ እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጫል።

በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ልጅ ብቻ ነው ቀጥ ብሎ የሚቆመው። አባዬ የክረምቱን ቋሊማ የሚሰቅለው እዚያ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ የአይጥ ኩሱ፣ ከታች የሚመጣው የጭቃ ሽታ አንድ ላይ ያፍናል። እማዬ የመጥረቢያውን ጀርባ ይዛ አንዱን የጣሪያ ቆርቆሮ ደጋግማ መታችው፤ ምስማሩ ተነቀለና ሰው ግማሽ አካሉን የሚያወጣበት ክፍተት ሆነ።

«ሰባ ዓመት ሙሉ ያላየሁት የለም ስል» አለች አያቴ ጀርባዋን አግዳሚው ላይ አስደግፋ፣ «ይኸው ዛሬ ከቋሊማው ጋር ተሰቀልኩ።»

እኔና ሬንዞ ሳቅን። እማዬ አልሳቀችም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዝናቡ ቆመና ፀሐይ ወጣች። ደስ አለን። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ስታግለው ግን ደስታው ጠፋ። ከታች አንድ ነገር ኮርኒሱን ዱብ፣ ዱብ ያደርገዋል።

«ማነው የሚያንኳኳው?» አለ ሬንዞ።

«ቁምሳጥኑ ነው። ውሃው አንሳፎት ነው» አለች እማዬ።

«ታዲያ ለምን አንከፍትለትም?»

ወደ አራት ሰዓት ገደማ የሞተር ድምፅ ሰማን። እማዬ እስከ ወገቧ በክፍተቱ ወጣች። እኔ ማየት የምችለው በአንዲት የምስማር ቀዳዳ ብቻ ነበር። ዓይኔን ለጠፍኩባት። የጀልባዋ አፍንጫ ታየኝ። ከወንዝ ማዶ ያሉት የወይዘሮ ዶሪን ሃገርቲ ቢጫ የዝናብ ልብስ ታየኝ። እቅፋቸው ውስጥ ጥቅልል ነገር ነበር፤ ከወለዱ ገና አሥራ አንድ ቀናቸው ነው። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ከጎናቸው ተጣብቀዋል። የጀልባዋ ጠርዝ ከውሃው በላይ የቀረው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። አባዬን ግን እጁን ብቻ ነው ያየሁት፤ የጣሪያችንን ጠርዝ አንቆ የያዘ እጅ።

ሞተሩ ይንጎራጎራል፤ እነሱ ደግሞ በራሳችን ቋንቋ ዝቅ አድርገው ያወራሉ። የደረሰኝ ቁርጥራጭ ነው። አባዬ «ታንከሩ» አለ። አሁንም «ታንከሩ» አለ። ከዚያ «ወዲያው እመለሳለሁ» የሚል መሰለኝ። ታንከራችን የዝናብ ውሃ የምናጠራቅምበት ነው፤ ከግቢው ጥግ ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ ተቀምጦ፣ ቆጡ እንኳ ገና አልተዋጠም። አያቴ ጠምቷት ስለነበር፣ አባዬ ውሃ ቀድቶ ሊያመጣልን ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ያኔ እማዬ ጮኸች።

«ሂድ! ሂድ ብዬሃለሁ፣ ሰቬሪኖ! ሂድ!»

እጁ ጠርዙን ለቀቀ። የጀልባዋ አፍንጫ ዞረ። ቢጫው ልብስ፣ ልጆቹ፣ በመጨረሻ የአባዬ ጀርባ በቀዳዳዬ ፊት አለፉ። ወደ ኋላ አልዞረም። በታንከሩ በኩልም አለፈ፤ ውሃም አልቀዳ።

እማዬ ወርዳ ስትቀመጥ ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቶ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ተጣልተው ነው፣ እንደ ሁልጊዜው እነሱን መርጦ ሄዷል አልኩ በልቤ።

«ልጄ ነው?» አለች አያቴ።

«አዎ። ይመለሳል።»

«ብቻውን ነው?»

«አይደለም። የሃገርቲ ሚስት ከነልጆቿ አለች። ከነሕፃኑ።»

አያቴ እጇን ዘርግታ የእማዬን ጉልበት ያዘች። «ደግ አድርገሻል» አለቻት። እማዬ ቅድም ልብስ ጠቅልላ ትራስ አድርጋላት ስለነበር፣ ስለ ትራሱ የምታመሰግናት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሙቀት ብቻ ነው። ቆርቆሮው ይጠብሰናል፤ ከታች ውሃው እየመጣ ነው፤ የምንቀሳቀስበት ቦታ የለም። እንቁራሪቶች በክፍተቱ እየዘለሉ ይገባሉ። አንድ እባብ ከወዲያኛው አግዳሚ ላይ ተጠቅልሎ ያየናል፤ እኛም እናየዋለን፤ እሱም እንደኛ መሄጃ አጥቷል። ሬንዞ አለቀሰ፣ እባቡ ላይ ተፋበት፣ ደከመውና ቋሊማ እየጠባ ተኛ።

ቀትር ላይ የአያቴ ፉጨት ቆመ።

«ተሻላት?» አልኩ።

እማዬ አያቴ ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል «ተኝታለች» አለችኝ። «አታናግሪያት። ሙቀቱ እንዳይጎዳት በባርኔጣው አናፍሽላት።»

የአባዬን የገለባ ባርኔጣ አንሥቼ ማናፈስ ጀመርኩ። ክንዴ ሲዝል በሌላው እጄ። ሁለቱም ሲዝሉ በሁለቱም። ዝንብ ስታርፍባት አባርራለሁ። ፀጉሯ በነፋሱ እየተነሣ ይወድቃል፤ ደስ ብሏት የተኛች ይመስል ነበር። እማዬ አንድም ጊዜ ተዪ አላለችኝም። ዛሬ እኔም እናት ነኝ፤ ለምን እንደተወችኝ ይገባኛል። እጄ ሥራ እስካላጣ ድረስ አልጮህም።

አባዬ የመጣው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በሌላ ሰው ጀልባ ነው። የሱ ጀልባ እነ ሃገርቲን ትምህርት ቤቱ ኮረብታ ላይ ካወረደች በኋላ፣ ሞተሯ በተዋጠ የአጥር ሽቦ ተጠላልፎ ተሰብሯል። ያኔ ግን ይህን ማን ይንገረኝ። በክፍተቱ ሲገባ መላ አካሉ ጭቃ ነበር። እማዬን አየ፤ ሬንዞን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ የማናፍስላትን አየ። በጉልበቱ ድኾ መጣና ባርኔጣውን ከእጄ ወሰደው።

«ይበቃል፣ ፉልቪያ» አለ።

«ይሞቃታል እኮ!» ብዬ ጮህኩበት። ውሃ ሳያመጣ፣ ጥሎን ሄዶ፣ አሁን ደግሞ መጥቶ ይህን ይከለክለኛል። በጥፍሬ እጁን ቧጨርኩት። አልከለከለኝም።

አያቴን ስንቀብር መንደሩ ሁሉ መጣ፤ ከወንዙ ወዲያም ወዲህም። ከሁለት ወር በኋላ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ተደረገ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ኬቭ ብራኒጋን፣ ድምፁ እንደ በሬ የሆነ ሰው፣ ለአባዬ የናስ ሰሌዳ ሰጠው። «ይህ ሰው የገዛ እናቱንና ልጆቹን ትቶ የእኛን ልጆች አዳነ!» ሲል ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። አባዬ ጫማውን ያይ ነበር። ኩራቱን ደብቆ ነው ብዬ ፈረድኩበት። እማዬ አላጨበጨበችም። ሰሌዳውን እቤት ስታደርስ የአንሶላ መሳቢያ ሥር ከተተችው፤ ማንም አውጥቶ አልሰቀለውም።

ከዚያ ወዲህ «አባዬ» ብዬ አልጠራሁትም። ካስፈለገ «ስማ» እለዋለሁ። ጫማዬን መወልወሉን አልተወም። ጣሪያችንን ቀዶ ከውጭ መሰላል ያለው መስኮት አወጣለት። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ማንም ሳይጠራው መሰላሉን ይወጣል፣ መስኮቱን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይወርዳል። መንደሩ የጠየቀውን ደግሞ አንድም ቀን እምቢ ሲል አልሰማሁም። ድሮ ቢደክመው «ነገ» ይል ነበር። አሁን «ነገ» የሚለው ቃል ጠፋው።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ የእማዬ ወንድም ከአዴላይድ ጻፈልን፤ ቲማቲም የሚያለማበት መሬት አለው፣ ሠራተኛ ሳይሆን ሸሪክ ይፈልጋል። አባዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና «እንሄዳለን» አለ። እንደዚያ ቀን ፊቱ ሲፈታ አይቼ አላውቅም። ዕቃ በካርቶን ታሰረ፤ በረንዳው ሞላ።

ቅዳሜ ኬቭ ብራኒጋን ከሁለት የኮሚቴ ሰዎች ጋር መጣ። ካርቶኖቹን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ።

«ምንድነው ይሄ? ሰቬሪኖ፣ ልትቀልድብን ነው?»

«ልጆቹ እያደጉ ነው፣ ኬቭ። እኔም ደክሞኛል።»

«ደክሞኛል ይላል እንዴ! አንተ? እናትህን ለዚህ ሕዝብ የሰጠህ ሰው? ልጆቻችንን ስለ ማን ነው የምናስተምራቸው? ክረምት ሲመጣ ያቺን ጀልባ ማን ሊነዳት ነው፣ እኔ በዚህ ቦርጬ?»

ሰዎቹ ሳቁ። አባዬ ዞሮ በሩ ላይ የቆመችውን እማዬን አያት። እሷም አየችው። ረጅም ጊዜ ተያዩ። ከዚያ እማዬ ወደ ውስጥ ገባች። ሰኞ ካርቶኖቹ ተፈቱ። ሙገሳ ለሱ እንደ ወይን ጠጅ ነው፣ ያለሱ አያድርም ብዬ ደመደምኩ። አሥራ ስምንት ሲሞላኝ ወደ ብሪዝበን ሄድኩ፤ ነርስ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። በዓመት አንዴ ለሦስት ቀን እመጣለሁ። ልጆቼን ፀጉራቸውን ይቆርጥላቸው ነበር።

የሞተው በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ሲቀባ ወድቆ። የቀብሩ ዋዜማ ደረስኩ። ኮሚቴው ልጁ ስለሆንኩ አዳራሹ ውስጥ ንግግር እንዳደርግ ጠይቆኝ ነበር። ወረቀቴን ይዤ ወደ ወጥ ቤት ስገባ እማዬ የሚቀበርበትን ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰች ነው።

«አንብቢልኝ» አለች።

አነበብኩላት። «አባቴ ከኛ ይልቅ ለእናንተ ኖረ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ካውያውን አቆመችው።

«እሱን ሰርዢው።»

«እማዬ፣ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አይቻለሁ። አንቺ ሂድ እያልሽ ስትሰድቢው፣ ዞሮ ሳያየን ሄደ።»

«ስሰድበው?» ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችው። ተቀመጠች። «ፉልቪያ፣ እሱ መሄድ መቼ ፈለገና።»



«ታንከሩ ላይ ላውርዳቸው አለኝ። እዚያ ቆጡ ላይ ላስቀምጣቸውና እናንተን ኮረብታው ላይ አድርሼ ወዲያው እመለስላቸዋለሁ አለ። ያን አራስ ሕፃን! ውሃው ቆጡን ሊበላው ሁለት ክንድ ቀርቶታል። ይለምነኝ ጀመር። ያለቅስ ነበር፤ እጄን ይዞ ያለቅስ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ካወረድካቸው ዳግመኛ ቤቴ እንዳትገባ አልኩት። ሂድ አልኩት።»

«ታንከሩ…» አልኩ።

«ሄደ። እናቱ ሞተች። ቆጡ እስከ ማታ ድረስ አልወደቀም፤ ያውቃል፣ ሲመለስ አይቶታል። ላውርዳቸው ብዬሽ ነበር አላለኝም። አንድ ቀን እንኳ፣ ተናዶ እንኳ፣ እናቴን ገደልሽ አላለኝም።»

«ታዲያ ለሰው ለምን አልነገራችሁም?»

«ማን ይንገር? እሱ ቢናገር፣ አራስ ከነልጇ ታንከር ላይ ሊጥል የነበረ ሰው ሊባል ነው። እኔ ብናገር፣ አማቷን የገደለች ልባል ነው። እነሱ አጨበጨቡ፣ እሱም ጭብጨባውን ተሸከመ። አዴላይድ ሊሄድ የነበረው ከዚያ ጭብጨባ ሊያመልጥ ነበር። ያን ቀን በሩ ላይ፣ እውነቱን ንገሪያቸውና እንሂድ እያለ በዓይኑ ለመነኝ። አልቻልኩም። ገባሁ።»

አያቴ የእማዬን ጉልበት ይዛ ያለቻት ትዝ አለኝ። «ደግ አድርገሻል ብላሻለች እኮ፤ ሰምቻለሁ» አልኳት። «ስለ ትራሱ መስሎኝ ነበር።»

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። «ሰምተሻል? እኔ አእምሮዬ የፈጠረው እየመሰለኝ ነበር። እሱን አልነገርኩትም። ብነግረው ለራሴ የመሰከርኩ ይመስለኝ ነበር።» ሸሚዙን ጉልበቷ ላይ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። «ነገ ንገሪያቸው። ሰባ አምስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ምን እንዳይሉኝ እፈራለሁ?»

በማግስቱ ከቀብር መልስ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወረቀቴን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እንዳለ ነገርኳቸው፤ ታንከሩን፣ ልመናውን፣ እማዬን። ሊወስደን ፈልጎ ነበር አልኩ። የናስ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው እሱ እንዳልሆነ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር፤ ስትጠሩት የሚመጣው ለዚያ ነው አልኩ። ጆሮው የከዳው ኬቭ ብራኒጋን «ምን አለች? ምን አለች?» እያለ ጎረቤቱን ይጎሽማል።

ከኋላ ወይዘሮ ዶሪን በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ።

«አውቃለሁ» አሉ።

ሁሉም ዞረ።

«ጀልባዋ ውስጥ እኮ ነበርኩ፣ ልጄ። ቋንቋችሁን አላውቅም። ግን በእጁ ታንከሩን ሲያሳይ አየሁ፤ እናትሽ ራሷን ስትነቀንቅ አየሁ። ልጅ ታቅፎ ያን ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም።» «ኮረብታው ላይ ስወርድ ሰው ከበበኝ። እናቱን ትቶ አመጣን አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም፤ የቀረውን ዋጥኩት። ሰውዬው አንገቱን እንዳይደፋ ብዬ ነው።»

«አንገቱንማ ደፍቶ ኖረ» አለች እማዬ፣ ከፊተኛው መደዳ፣ ሳትዞር።

«መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገር ነበር። ትሕትናው ነው እል ነበር።»

እማዬ ያኔ ዞረች። «ይህን ሁሉ እያወቅሽ ነው በየገናው ኬክ ስትልኪልኝ የነበረው?»

«ሌላ ምን ልላክልሽ፣ ፒየሪና?» አሉ ወይዘሮ ዶሪን።

እማዬ ከጎኗ ወንበር ላይ የነበረውን ቦርሳዋን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ወይዘሮ ዶሪን ቀስ እያሉ በመደዳው መሀል መጥተው ተቀመጡበት። ማንም አላጨበጨበም።

አባዬ ከተቀበረ ሁለት ሰዓት ሆኖት ነበር።